ደንዲ ላይ ሁለተኛውን ጥሪ ስንጠብቅ

ከአምቦ የተነሳነው ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ እኔና ታላቅ እህቴ ብርቅነሽ። ባሏ ለማ ካቻምና ደንዲ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባው ባዶውን ተገኘ፤ ሬሳው ግን የለም። እህቴም ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጥቁርም አልለበሰችም። «ቁርጤን ሳላውቅ አላለቅስም» እያለች እስከ ዛሬ እራቱን ታስቀምጥለታለች። አሁን ውሃውን በዓይኗ ልታየው ፈለገች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጀልባ ስለምወድ ልቤ ቀድሞ ሄዷል።

ጊንጪ

ጊንጪ ወርደን ቁርስ አዘዝን። እኔ ፍርፍሬን ጥርግ አድርጌ በላሁ፤ እሷ ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም። ከዚያ ሽቅብ በሞተር ብስክሌት ነው። የገብስና የድንች ማሳ በግራ በቀኝ፣ መንገዱ ድንጋይ ብቻ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወገቤ ሐይቁ ጋ ስንደርስ የእኔ አልነበረም።

ውሃው ላይ

ቀዛፊው ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «አከም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ? ጉሙ ከብዷል፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን» አሉን። እነማን እንደሆንን አልነገርናቸውም።

ጀልባ ግን እንዴት ደስ ይላል! ያ ሁሉ መንገጫገጭ በአንድ ጊዜ ቀረ። እጄን ውሃው ውስጥ ሰድጄ አፏጨሁ፤ ሐይቁን የከበበው ገደል ፉጨቴን መለሰልኝ። ደግሜ አፏጨሁ፣ እንደገና መለሰ። እንደ ልጅ ሳቅሁ፤ እህቴም ፈገግ አለች።

ደንዲ በጠባብ አንገት የተያያዘ ሁለት ሐይቅ ነው። አንገቱን አልፈን ሁለተኛው ውስጥ ስንገባ ጉሙ ከኋላችን ገጠመ። አፏጨሁ። ገደሉ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ፣ «ብርቄ!»

ብርቄ ብሎ የሚጠራት ለማ ብቻ ነው። እኔ እታለም ነው የምላት፤ ኦቦ ደበላ ስሟን አያውቁም። ድምፁም የእሱ ነበር። ፈራሁ።

እህቴ «አቤት» ልትል አፏን ከፈተች። ኦቦ ደበላ እጃቸውን ዘረጉ። «ሃደ ኮ፣ የኔ እናት፣ እንዳትመልሺ! ባንድ ጥሪ አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

ልጆች ሳለን እናታችንም ይህንኑ ትለን ነበር፤ እኔ እስቅባት ነበር።

«ይደግማል» አለች እህቴ።

ኦቦ ደበላ መቅዘፊያውን ከውሃው አወጡ። ጠብታው ብቻ ይሰማል። እንዲደግም ለመንሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይደግም ለመንሁ። ሽማግሌው ጀልባዋን ሊያዞሩ ሲሉ፣ «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለቻቸው። ታገሧት። ጉሙ ሳስቶ የወዲያኛው ዳር ታየ፤ ማንም የለበትም።

«በቃ፣ እንመለስ» አለች።

አምቦ

 

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሰው ስጠራ ሁለት ጊዜ እጠራለሁ። ያስለመደችኝ እሷ ናት። በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ ደጇ ቆሜ «እታለም!» አልሁ። ዝም። ውስጥ ስትንቀሳቀስ ግን ይሰማኛል። ነገሩ ገባኝና ደገምሁ፣ «እታለም!»

«አቤት» ብላ በሩን ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች።

«ለጎረቤት ንገርልኝ» አለችኝ። «ለማ ሞቷል።»