ለፋጡማ አምባር ፍለጋ ባቲ

ከከሚሴ እስከ አፋር በረሃ ማንነቱን ከእኔ የሚደብቅ ብረት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ ብረት ገና ሲያየኝ ስሙን ይናዘዛል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ የትምህርት ቤታችንን መለኪያ ሲሊንደር በፌስታል ይዤ ወደ ባቲ ገበያ የተነሳሁት በዚህ ኩራት ነው።

የምፈልገው የብር አምባር ነበር። በተጋባን ሰሞን ኮሌጅ ስገባ ባለቤቴ ፋጡማ ለፍራሼና ለመሳፈሪያዬ ብላ የእናቷን አምባር ሸጠች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ስለ አምባሩ አንስታ አታውቅም። እሑድ የልጃችን ኒካህ ነው፤ የሙሽራዋ እናት አንጓዋ ባዶ ሆኖ እንግዳ እንድትቀበል አልፈለግሁም።

ሚኒባሱ በጨፋ ሜዳ ማሽላ መሃል አልፎ ኮምቦልቻ አደረሰን። በሌላ መኪና ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። ድንጋዩ ቢቀር፣ ከጎኔ የነበሩት እናት የያዙት ቅቤ ቀልጦ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«አብሽር፣ ቆዳው ይለሰልስልሃል» አሉኝ።

ባቲ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ጠጥቼ የብር ጌጥ ሻጯን እቴ ሀሊማን አገኘኋቸው።

«አካም ጅርታ፣ አያ! የቱን ወደድክ?»

አንዱ አምባር ወፍራምና አብረቅራቂ፣ ሌላው ቀጭንና የጠቆረ ነበር፤ የሁለቱም ጫፎች አልተጋጠሙም። «ለባለቤቴ ነው» ብዬ አብረቅራቂውን አነሳሁ።

«ሳይንስ ይፍረድ» ብዬ፣ በሚገፋው ውሃ ብር መሆኑን ልለይ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ሞላሁ። አምባሩ በሲሊንደሩ አፍ አልገባም። ገበያተኛው ሳቀ፤ ግመሎቹም የሳቁ መሰለኝ።

«እንግዲያ ጣትህ ይፍረድ» አሉ እቴ ሀሊማ። ከሻይ ሻጯ የፈላ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስመጥተው የሁለቱንም አምባሮች ግማሽ ነከሩና ከላይ አስያዙኝ። ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ የጠቆረው ለበለበኝ። አብረቅራቂው ገና ለብ ማለቱ ነበር።

«ጥሩ ብር ሙቀት ደብቆ አያውቅም። ያኛው ላዩን ብቻ ነው ብር። እጇ ምን ያህላል?»

አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አጋጥሜ «ይህችን ታክላለች፣ ሸንበቆ ናት» አልኩ።

«ከተጋባችሁ ስንት ዓመታችሁ?»

«ሃያ ስድስት።»

ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ይሁን። ጥሩ ብር ለእጅ ይታዘዛል» ብለው የጠቆረውን ጠቀለሉልኝ።

ከሚሴ የደረስኩት ለመግሪብ አዛን ሲባል ነው። ፋጡማ አምባሩን ጉንጯ ላይ አደረገች። ብሩ እስኪሞቅ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ ልታጠልቀው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«የማንን እጅ ለክተህ ነው?»

«ያንቺን ነዋ!»

«የእኔን? ወላሂ፣ ይሄ የሙሽራነቴ እጅ ነው። ስንት ጀሪካን ውሃ እንደተሸከመ ረሳኸው?»

እየሳቀች ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣቶቿ ቀስ ብላ ከፈተቻቸው። ብሩ ሳይሰበር ተለጠጠ፤ አንጓዋን አቅፎ ተቀመጠ።

እሑድ እንግዳው ሁሉ ያየው የአምባሩን ውበት ነው። እኔ ያየሁት እጇን ነበር፦ ወፍሯል፣ ሻክሯል፣ አንዱ ጣት ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ጠባሳው ከምን እንደመጣ አላውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ መኖሩንም አላውቅም ነበር።