በሰማይ ላይ ያዘልኳት ልጅ

ዓመቱን በውል አላስታውስም፤ ልጄ ሳራ ጥርስ ስታወጣ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ትናንት ዲኬተር ከተማ ያለው እቤቷ ሄጄ፣ ሕፃን ልጇን ማዘያው ውስጥ አስገብታ መቆለፊያውን ቀጭ ስታደርገው የአውሮፕላኑ ቀበቶ ድምፅ ትዝ አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለቬኬሽን ወደ ጃማይካ ስንበር ነው። ቲኬታችን ርካሽ ስለነበር አንድ ላይ አላስቀመጡንም። ባለቤቴ ከሚያስታውከው ትልቁ ልጃችን ጋር ከኋላ፣ እኔ ከሳራ ጋር ከፊት ደረሰን። ሳራ ታለቅሳለች። ጡጦም እምቢ፣ እሹሩሩም እምቢ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞሮ ዞሮ ሲያየኝ ላብ አጠመቀኝ።

አጠገቤ ሚስ ፐርል የሚባሉ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ነበሩ። ሳራ የተጠቀለለችበትን ነጠላ ሳብ አድርገው አንድ ነገር አሉኝ። እንግሊዝኛቸው ግማሹ አይገባኝም፤ ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርጉ ግን ገባኝ።

"ኧረ እኔ ወንድ ነኝ! ወንድ ያዝላል እንዴ?" አልኳቸው፣ በአማርኛ።

አልሰሙኝም። ጎንበስ እንድል በእጃቸው አሳዩኝና ልክ እንደ እናቴ አጥብቀው አሰሩልኝ። በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ወዲያ ወዲህ ስል ልቅሶዋ ቀነሰ፤ ትንፋሿ አንገቴን አሞቀው፤ ተኛች። ባለቤቴ ከኋላ አይታኝ፣ "ውይ፣ አንተ ሰውዬ!" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ትናንት የልጅ ልጄ በማዘያው አልተኛ ሲል፣ "ነጠላ አምጪ" አልኳት ሳራን። አዝዬው ትንሽ ዞር ዞር ስል እንቅልፍ ወሰደው።

"ዋው፣ አባዬ! ማን ነው ያስተማረህ?"

"ሚስ ፐርል" አልኳት።