የረጅሙ ጅራት ዘር

ልጅ ሳለሁ፣ ከሆሳዕና ከተማ አጠገብ፣ ሌሞ በነበረው ቤታችን፣ እራት ከተበላ በኋላ ተረት የሚነግሩን ወንድ አያቴ ነበሩ። የባሕር ዛፉ ፍም አመድ ሲለብስና ጢሱ በጎጆው ክዳን ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ኩራዙን ወደ ራሳቸው ያስጠጉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ ልባቸው ዶሮ ላይ ስለነበር ተረታቸውም የዶሮ ነበር።

አጎቴ ከአዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር አውራ ዶሮ አምጥቶላቸው ነበር። ጅራቱ ከቆጡ ወርዶ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። አያቴ ጭቃ እንዳይነካው ቆጡን ከፍ አድርገው ሠሩለት፤ ጅራቱን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት ነበር። ሴት አያቴ ለእርሷ እግር እንኳ ውሃ ተሞቆ እንደማያውቅ እያነሳች ትቀልድባቸዋለች።

አውራው ከአገር ዶሮዎቻችን ወለደ። ጫጩቶቹ አደጉ፤ የአንዱም ወንድ ጅራት ግን እንደ አባቱ አልረዘመም። በዚያው ሰሞን አባትየውን ሸለምጥማጥ በላብን። የአያቴን ዐይን ሞራ እየጋረደው ስለነበር፣ ያንን ጅራት ዳግም ሳያዩ እንዳይጨልምባቸው ፈሩ። ለማዕድ ሲጸልዩ እንኳ ዶሮውን ያነሱ ነበር፤ እኛም ተከትለን አሜን እንላለን።

ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ትማር የነበረችው ታላቅ እኅቴ ባዮሎጂ ክፍል የሰማችውን ይዛ መጣች። ጅራቱ አልጠፋም፣ ልጆቹ ውስጥ ተደብቋል፣ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ወንድሞቹና እኅቶቹ እርስ በርስ ይዋለዱ አለቻቸው። የአያቴ ፊት ተለወጠ። እኛ ዘንድ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፤ ልጅ ከመታጨቷ በፊት ዘር ይጠየቃል።

«እኔ ቤት ወንድም እኅቱን አያገባም» አሉ። «ዶሮም ቢሆን።»

የአውራውን ሴት ልጆች፣ ልጅ እንደሚድር ሰው ለየዘመዱ ሰጧቸው፤ አንዷ ጊምቢቹ ለምትኖረው አክስቴ ደረሰች። ያን ምሽት የነገሩንን ተረት አልረሳውም። ድሮ የአውራ ዶሮ ሁሉ ጅራት ረጅም ነበር አሉን። አንዱ ሰነፍ ግን ወንዝ ተሻግሮ ሚስት መፈለግ ስለከበደው እኅቱን አገባ። በነጋታው ሊጮህ ሲነሳ ጅራቱን ቆጡ ሥር ወድቆ አገኘው፤ ዘሩም አጭር ጅራት ይዞ ቀረ። እኅቴ ፍሙን ቆሰቆሰች። እኔ ግን አምኜ ነበር፤ ስለዚያ ሰነፍ አውራም አፍሬ ነበር።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አያቴ ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ሲጀምሩ አክስቴ ከጊምቢቹ አንድ አውራ ዶሮ ታቅፋ መጣችና እጃቸው ላይ አኖረችው። አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ከዚያ ጅራቱን ዳሰሱ። እጃቸው ወረደ፣ ወረደ፣ ከጉልበታቸው አለፈ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«እናቱ እርስዎ የሰጡኝ ናት፣ አባባ።»

«አባቱስ?»

አክስቴ እናቴን አየቻት። እናቴ ከቀሩት ወንዶች አንዱን ለበዓል እንድታርደው ልካላት፣ አክስቴ አሳዝኗት ሳታርደው ቀርታ ነበር። የዚያችው ዶሮ ወንድም ነው። ሁላችንም ገባን። አያቴ ጅራቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ እንደገና ዳሰሱት።

«ተይው» አሏት። «ተረቴን ታበላሺብኛለሽ።»

እስኪመሽ ድረስ አውራውን ከጭናቸው አላወረዱትም።

ዛሬ ሆሳዕና፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ የዚያ አውራ ዘሮች አሉ። እኅቴ ትክክል ነበረች። አያቴም ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ዘመድ ከዘመድ ብቻ ሲዋለድ ጫጩቶቹ እየደከሙ ስለሚሄዱ አልፎ አልፎ የባዳ ዶሮ አስገባለሁ። ያን ጊዜ ጅራቱ ለአንድ ትውልድ ይሰወራል። እንዲመለስ ወንድምና እኅቱን አንድ ቤት ማስገባት አለብኝ፤ ይህን ሳደርግ እስከ ዛሬ አያቴ የሚሰሙኝ ስለሚመስለኝ በሩን የምዘጋው ቀስ አድርጌ ነው።