ስለ ጋሽ መስፍን የመለስኩት

ይህን ለነፍስ አባቴም ደፍሬ አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ተነስቻለሁ። ይቺን ብቻ እውጣታለሁ።

ጋሽ መስፍን እዚህ ሰው አገር፣ ጋርላንድ ከተማ ጎረቤታችን ነበሩ። ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ። ከሥራ መልስ ሪቻርድሰን ኮሌጅ ሜዳ ላይ ያግዛሉ፤ ቅዳሜ ውድድር ሲኖር ደግሞ ዳኛ ናቸው። ኩርባው ላይ ቆመው የሯጮቹን እግር ያያሉ፤ መስመር የረገጠ ካለ ቢጫ ባንዲራ ያነሳሉ። ልጄ ሊዲያ እዚያው ሜዳ ትለማመድ ስለነበር ወስደው የሚመልሷት እሳቸው ነበሩ። እኔ ሃይዌይ ላይ መንዳት እፈራለሁ። ዕቃ የማሽግበት የሌዊስቪል ዌርሃውስም ሰው የሚቀንስበት ጊዜ ነበር፤ ከሥራ ቀደም ብዬ ልውጣ ማለት አልችልም።

አንድ ቅዳሜ ሊዲያ አንደኛ ወጣች። ጋሽ መስፍን ግን ባንዲራቸውን አንስተው ነበርና ተሰረዘች። መኪና ውስጥ ስታለቅስ አላስቻለኝም።

“ምናለ ባላዩ፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“አየኋታ፣ አስካለ። ባላይማ ደስ ባለኝ።”

ሊዲያ አንቱታ አታውቅም። እንባዋን ጠርጋ፣ “ጋሼ፣ ኔክስት ታይም መነጽር አታድርግ፣ ኦኬ?” ስትላቸው ሁላችንም ሳቅን።

ለዓለም አቀፍ የአማተር ውድድር ዳኛ ሲመረጥ የኮሌጆቹ ስፖርት ቢሮ ቃል ይሰማል። ቢሮው ያልጠቆመውን ማንም አያየውም። በዚያ ዓመት የጋሽ መስፍን ስም ተነሳ። ስለ ጠባያቸው የሚጠየቅ ሰው ስጡ ሲባሉ እኔንና የሥራ ባልደረባቸውን ደረጀን ሰጡ።

“የገዛ ልጅሽን እንዳስወጣሁብሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በላይ ምስክር የለኝም” አሉኝ እየሳቁ።

“ከተመረጡ ብዙ ይሄዳሉ?”

“ሰመሩን ሦስት ወር ሙሉ፣ ከዚያም እየተመላለስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የለመንኩት ነው።”

እኔ የሰማሁት መሄዳቸውን ብቻ ነው። ሊዲያን ማን ያመጣታል? መንጃ ፈቃድ ትናንት ያወጣ ጎረምሳ? ልምምዱን ብትተውስ? እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ በሩጫዋ ኮሌጅ ትገባለች ብዬ ነበር የማስበው።

የቢሮው ሴትዮ ስትደውል እረፍት ላይ ነበርኩ። ታጣፊ ስልኬን ከፍቼ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ያገራቸው ልጆች ሲሮጡ ያደላሉ ወይ አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ቢሰባበርም ለዚህ ይበቃ ነበር። መልሱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነበር? እኔ ግን፣ “ያገራቸውን ሰው በጣም ይወዳሉ፤ እንጃ” አልኩ። ምን ማለትሽ ነው ስትለኝ ደግሜ እንጃ አልኩ። አመስግና ዘጋችው።

ውሸት አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ይወዳሉ፣ እውነት ነው። ታዲያ ለምን ተናገርኩት? እንዲቀሩ ነው። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። እኔ።

ሌላ ሰው ተመረጠ። ጋሽ መስፍን ሊዲያን ሲያደርሱ ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ “ያደላል ብሎ የነገራቸው ሰው አለ” አሉኝ። የመኪናውን በር ይዤ ቆሜያለሁ። “ደረጀ ነው። አንቺማ ልጅሽን ያስወጣሁብሽ፣ ምን ብለሽ?”

የሊዲያን ቦርሳ ተቀብያት በሩን ዘጋሁላቸው።

“እንግዲህ፣ ነገም በሰዓቷ ዝግጁ ትሁን” ብለው ሄዱ።

ከደረጀ ጋር ሰላምታ አቆሙ። ደረጀ ግራ ገብቶት እኔ ቤት መጣ። “እህቴ፣ ምን አድርጌው ነው? አንቺን ይሰማሻል፣ አስታርቂን” አለኝ። እሺ አልኩት። ሁለቱንም ሳሎኔ አስቀምጬ፣ “ጋሼ፣ ስለ እመቤታችን ብለው ይቅር ይበሉት” አልኩ፤ በዚህ አፌ። ደረጀ አላልኩም፣ አላልኩም ብሎ ሲደክመው፣ ለሰላም ሲል ተነስቶ ጉልበታቸውን ያዘ። ያላጠፋው ሰው። እሳቸውም አነሱትና ሳሙት።

“ለአስካለ ስል ነው” አሉት።

ሁለቱም መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ዛሬም ደረጀን የሚያዩት ይቅር እንዳሉት ሰው ነው። ደረጀም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሊዲያ በሩጫዋ ኮሌጅ ገብታ ጨርሳለች፤ ሲያገኟት ግንባሯን ይስማሉ።

ለሁለቱም እነግራለሁ፤ ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም። እናንተ ግን እናት ስለሆነች ነው ብላችሁ አትማሩኝ። ሴትዮዋ የጠየቀችኝ ስለ ልጄ አልነበረም።