ነቀዝ የሌለው ሩዝ

ወረታ ገበያ፣ እህል ነጋዴው ደጅ ላይ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ መጣብኝ። የነቀዝ መድኃኒት ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ውሃ ስለተኛበት፣ አባቴ ሩዙን ከጎተራ አውጥቶ በጆንያ ወደምንተኛበት ቤት አስገባው። የግብርና ባለሙያዋ «አደራዎን፣ መድኃኒቱ ካለበት ቤት ሰው እንዳያድር» ብላው ነበር።

«የነቀዝ ክኒን ሰውን ምን ያደርጋል?» አለና በየጆንያው ከተተው።

መሬቱ ስለረጠበ ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ጆንያው ላይ ተኛች። ጠዋት እኔ ራሴን እያመመኝ ተነሣሁ። እሷ አልተነሣችም።

ከቀብር ስንመለስ አባቴ ከሩዙ ዘግኖ አየ። «ነቀዙስ አልቋል» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም። ያንን ሩዝ እስከ አዝመራ በላነው።

ነጋዴው እፍኝ ሩዝ ዘረጋልኝ።

«ይዩት፣ ነቀዝ የለውም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።