የጋሽ ዱጉማ ነጭ ባልጩት

ጋሽ ዱጉማ የእንጦጦ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ ያደጉ። በጃንሆይ ዘመን የውጭ አገር ተመራማሪዎች ቀጥረዋቸው ከፋ ጫካ ውስጥ የጥንት ሰዎች የኖሩበትን ዋሻ ሁለት ዓመት ቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ የሰማቸው የለም። እኛ የጉለሌ ጎረምሶችም "ዋሻው" እያልን እናሾፍባቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በ1970 ከእሳቸው ጋር የቀበሌያችን እስር ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተኛን። እኔን ያስያዘኝ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማ ከምሠራበት ቤት የተገኘ ወረቀት ነው። አንብቤው ቢሆን ባልቆጨኝ። እሳቸውን ያስያዟቸው ከአልጋቸው ሥር የተገኙ፣ ተመራማሪዎቹ ቁጥር የጻፉባቸው የዋሻ ድንጋዮች ናቸው። የአብዮት ጥበቃው አለቃ ባጫ፣ ቁጥሩ የምስጢር መልእክት ነው ብሎ ጥርሳቸውን በሰደፍ አረገፈው፤ ድንጋዮቹንም ግቢው ውስጥ በተናቸው።

እኔን ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። በአምስተኛው ቀን ቀኝ እግሬ አብጦ መገለ፤ ሽታው ለራሴም አስጠላኝ። ሸማ በእጅ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ሞኝ ነው፤ ክሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እግር ነው። እግሬ ከሄደ እንጀራዬ ሄደ። ያውም ከተረፍኩ ነው፤ ከእኔ በፊት እዚያው ጥግ የነበረው ልጅ ቁስሉ ተመርዞ ሬሳው ወጥቷል።

"ይሄ ሥጋ ተቆርጦ መውጣት አለበት" አሉ ጋሽ ዱጉማ።

"በምን፣ ጋሼ? ምላጭ የተገኘበት ይረሸናል።"

"የጫካው ሰዎች ምላጭ ነበራቸው እንዴ?"

እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ነገሩኝ። የጥንት ሰዎች መጀመሪያ ወደዚያ ጫካ ሲገቡ ዝናቡ አያባራም፤ ፀሐይ መሬት አይደርስም፤ ሜዳ ላይ የለመዱት አደን አይሠራም። ስለዚህ ኑሮን እንደ አዲስ ተማሩ። ጉሬዛን ከዛፍ ላይ አወረዱ፤ የዱር ቦዬ የሚሉትን ሥር በሹል እንጨት ቆፍረው በሉ፤ ከወንዝ ዳር ነጭ ባልጩት እየለቀሙ ጥፍር የሚያህል ስለት አወጡ።

"እርጥብ አገር ላይ ቁስል ቀን አይሰጥም፣ ልጄ። ቶሎ ያልቆረጠ ተቀብሯል። ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል።"

ለሽንት ስንወጣ ከገዛ ድንጋዮቻቸው አንዱን ጋቢያቸው ውስጥ ይዘው ገቡ። በሌላ ድንጋይ መትተው ሲሰብሩት እስረኛው ሁሉ በሳል ድምፁን ሸፈነላቸው። አራት ሰው ያዘኝ፤ ጨርቅ ነከስኩ። ስለቱ የበሰበሰውን ሥጋ እየገፈፈ አጥንቴ አጠገብ ሲደርስ ራሴን ሳትኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ በሳምንቱ ቆሜ ሄድኩ።

ስሄድ ያየኝ ባጫ ነው። እስረኛውን አሰልፎ፣ እኔን ግቢው መሀል አስቀምጦ እግሬ የታሰረበትን ጨርቅ ፈታው፤ የተቆረጠውን አየ። የጠመንጃውን አፈሙዝ ግንባሬ ላይ ደቀነ።

"ምላጩን አምጣ። ሦስት እቆጥራለሁ።"

ሁለት ሲል ጋሽ ዱጉማ ከሰልፉ ወጡ።

"ምላጭ የለም። እኔ ነኝ፣ በድንጋይ የቆረጥኩት።"

ባጫ ሳቀ። "እስቲ ይህን ቁረጥልኝ" ብሎ የጠመንጃውን የቆዳ ማንገቻ ወጥሮ ያዘ።

ምነው ያን ጊዜ እጃቸውን በያዝኩት! ግን እኔም ፈርቼ ነበር፤ እንዲያሳዩትና እንዲያድኑኝ ፈለግሁ። ጎንበስ ብለው ከመሬት ነጭ ባልጩት አነሱ። በሌላ ድንጋይ አንድ ጊዜ መቱት፤ ስስ ፍንካች ወደቀ። ያን ፍንካች ቆዳው ላይ አሳረፉት፤ ማንገቻው ለሁለት ተበጠሰ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያምናቸው ሰው አገኙ።

ባጫ በእርግጥም አመነ። የተበጠሰውን ቆዳ አየ፣ የእሳቸውን እጅ አየ፣ ሁለት ጥይት ደረታቸው ላይ ተኮሰ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ አንድ ድንጋይ እንዳይቀር፣ ልቀሙ ተባልን። እኔም በዳነ እግሬ እየተራመድኩ ስለቅም ዋልኩ።