ምንይሉ ያልወረደበት ጭቃ

ቢቸና ውስጥ እንደ ምንይሉ ቀርፋፋ ሾፌር አልነበረም። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ አብረውት የተጓዙ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ ክረምት ላይ ጭቃ ፊት ሲደርስ ይቆማል፤ ይወርዳል፤ እየዞረ የሁለቱን የፊት ጎማዎች መቆለፊያ በእጁ ያጠብቃል። ያ ካልሆነ በዚያች መኪና የሚገፉት የኋላዎቹ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ጋቢና ተመልሶ ከባዱን ማርሽ ያስገባና እግሩን ከነዳጁ አንስቶ እንድትድህ ይለቃታል። ቸኩሎ ነዳጅ የረገጠ ሾፌር ጎማውን ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ገበሬ ዘንድ ሄዶ በሬ መለመን ነው። «ጋሽ ምንይሉ፣ በእግራችን ብንሄድ አንቀድምም?» እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ! ሃያ ክረምት ሲነዳ አንድም ቀን ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አያውቅም።

በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ልጁ ብሩክታይት ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያዋ ነበር። ጤና ጣቢያ የመረመሯት ሐኪሞች «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ቶሎ ሞጣ ትድረስ» አሉ። ምንይሉ አለቃውን አስፈቅዶ በማለዳ ተነሣ። ብሩክታይትን ጋቢና መሃል አስቀመጧት፤ ባሏ ዘመነ በወዲያ ጎኗ ደገፋት።

እስከ ጉንደ ወይን ደህና ሄዱ። ከዚያ አለፍ ብሎ ግን ጎርፍ መንገዱን ስለ ቆረጠው፣ መኪና የሚያልፈው በማሳ ውስጥ፣ መረሬ በሚሉት ጥቁር አጣባቂ አፈር ላይ ነበር። ምንይሉ እንደ ልማዱ ቆሞ በሩን ከፈተ።

ብሩክታይት እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። «አባባ፣ አይውረዱ! ጥለውኝ አይሂዱ!»

ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን በልጅነቷ እንኳ እንዲህ ለምናው አታውቅም፤ አንጀቱን በላችው። «እዚሁ ነኝ፣ የኔ እናት» አላትና በሩን ዘጋው። መሬቱ ከላይ ሲያዩት ጠፈፍ ያለ ይመስላል፤ እሱም እንዲያ ብሎ ራሱን አታለለ። ከባዱን ማርሽ ብቻ አስገብቶ ገባ።

ማሳው መሃል ሲደርሱ የኋላ ጎማዎቹ ባዶውን ተሽከረከሩ። ብሩክታይት ጮኸች። ያን ጊዜ ምንይሉ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ በሆዷ ጭቃው ላይ ተኛች። አሁን ወርዶ መቆለፊያዎቹን ቢያጠብቅ ምን ሊፈይድ? የጉንደ ወይን ሰዎች ሦስት ሰዓት ሙሉ በበሬ ጎተቱ፣ በአካፋ ቆፈሩ፤ አልወጣ ስትላቸው ልጅቱን በቃሬዛ ተሸከሟት። ብሩክታይት ሞጣ ሳትደርስ ከነልጇ አረፈች።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ዘመነ ምንይሉ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። «አባባ፣ እርስዎማ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። የገደላት መንገዱ ነው።» ለቀስተኛውም «እውነቱን ነው» አለ። ምንይሉ የፊት ጎማዎቹን ሳይቆልፍ ማሳው ውስጥ መግባቱን ሊነግረው አፉን ከፈተ። የዘመነን ፊት ሲያይ ግን አቃተው፤ «ተነሥ፣ ልጄ» ብቻ አለው።

ዘመነ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እየመጣ ጉልበቱን ይስማል፤ ያመሰግነዋል። ምንይሉ ያን ምስጋና ይፈራዋል። እስከ ዛሬም አልነገረውም።